ከጉና ድንጋይ እስከ ጋፋት እቶን

 

የደብረ ታቦርና የአካባቢው ሰዎች፣ የማወራላችሁ ሄማታይት ስለሚባለው ማዕድን ነው። ስሙ እንግዳ ቢሆንባችሁም ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በክረምት ጫማችሁ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ቀይ ጭቃ ቅላቱን ያገኘው ከእሱ ነው። የሸክላው ቅላትም ከእሱ ነው። ሄማታይት ማለት ብረትና ኦክሲጅን ተጣብቀው የሠሩት ማዕድን ነው፤ ንጹሕ የሆነ እንደሆነ ከመቶ ኪሎው 70 ኪሎ ያህሉ ብረት ነው። ዓለም ፌሮውን፣ ቆርቆሮውን፣ መኪናውንና ድልድዩን የሚሠራበት ብረት በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ማዕድንና ከዘመዱ ከማግኔታይት ነው።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ብረት በዚህ አገር ሞልቶ ተርፏል፤ የምንረግጠው እሱን ነው። ከባዱ ነገር ብረቱን ከያዘው ከኦክሲጅን ማላቀቅ ነው። ይህን ማላቀቅ የሚያውቁ እጆች በመካከላችን ነበሩ፤ እኛ ግን ለነዚያ እጆች የሚገባቸውን ክብር አልሰጠንም። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበትን የጋፋትን ታሪክም የማነበው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ከማዕድኑ ጋር እንተዋወቅ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ የቡና ሲኒ ገልብጡ። የታችኛው ጠርዝ፣ ሲኒው የሚቆምበት ቀለበት፣ እንደ ላይኛው አካል አያብረቀርቅም፤ ሲነኩት ይሻክራል። የማዕድን ባለሙያ ድንጋይ የሚፈትነው እንዲህ ባለ ሻካራ ሸክላ ላይ ነው። ሄማታይት ከላይ ሲያዩት ሊያሳስት ይችላል፤ አንዳንዱ ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ አንዳንዱ የዛገ ይመስላል። ሲኒው ላይ ሲፈገፈግ ግን ሁሉም ያው ነው፤ የሚተወው ጭረት እንደ በርበሬ ዱቄት የቀላ ነው። ማግኔታይት ከሆነ ጭረቱ ጥቁር ይሆናል። ሦስተኛው ዘመዳቸው ጎታይት ደግሞ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጭረት ይተዋል። ተማሪዎች ይህን ፈተና ለመሥራት ቤተ ሙከራ እስኪሠራላችሁ መጠበቅ የለባችሁም።

ሁለተኛው ፈተና ክብደት ነው። ሄማታይት ከውሃ ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ለግንብ የምንጠርበው ጥቁር ድንጋይ፣ በሳይንሱ ስም ባዛልት፣ ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ሁለት እኩል የሆኑ ድንጋዮችን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አንዱ እጃችሁን ወደ ታች ከጎተተው በዚያኛው ውስጥ ብረት ሊኖር ይችላል። ጥንካሬውም የዋዛ አይደለም፤ ጥሩ ሄማታይት በቢላዋ ለመፋቅ ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ብረት ከየት መጣ? መልሱ ጉና ተራራ ላይ ነው፤ ከጉናም ቀደም ይላል። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ኢትዮጵያ ምድር ተሰነጣጥቆ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ፈሶ ሲረጋ፣ በላዩ ሌላ ሲፈስ፣ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በምድር ዕድሜ ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው። የጋይንት ገደሎች በደረጃ በደረጃ የተቆረጡ የሚመስሉት እያንዳንዱ እርከን የአንድ ወይም የጥቂት ፍሰቶች ጠርዝ ስለሆነ ነው። ጉና ራሱ እጅግ ዘግይቶ፣ ከዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚህ ሁሉ ላይ የተነሣ እሳተ ገሞራ ነው። ዛሬ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ሆኗል።

ባዛልት በውስጡ ብዙ ብረት ይዟል። ከመቶው አሥር እጅ ያህል የብረት ኦክሳይድ ነው ብንል አንሳሳትም። ነገር ግን ይህ ብረት በአብዛኛው ከሲሊካ ጋር ተቆላልፎ የተቀመጠ ነው፤ ጥቂቱ ብቻ የማግኔታይት ቅንጣት ሆኖ ተበትኗል። እነዚህን ቅንጣቶች በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔቱን አውጡና በስስ ላስቲክ ጠቅልሉት። ከትልቅ ዝናብ በኋላ በመንገድ ዳር ቦይ ወይም በወንዝ ዳር ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ይጠራቀማል። ማግኔቱን በዚያ አሸዋ ላይ አሽከርክሩት፤ ጢም ያበቀለ ይመስላል። በላስቲኩ ላይ ተሰልፎ የቆመው ከባዛልት ተፈልፍሎ የወጣ ማግኔታይት ነው። ላስቲኩን ስትገልጡት ወረቀት ላይ ይራገፍላችኋል። ሂደቱ ከሄማታይት ጋር ያለውን ልዩነትም ያሳያችኋል፤ ሄማታይት እንዲህ ባለው ማግኔት አይሳብም ለማለት ይቻላል።

ይህ ጥቁር ቅንጣት ሌላም ሥራ አለው። ቅልጥ ድንጋይ ቀዝቅዞ ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው ማግኔታይት በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይይዝና አይለቅም። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሊማሊሞና በወገል ጤና ገደሎች ላይ ከታች ወደ ላይ ድንጋዩን እየለኩ ሄዱ። የታችኞቹ ፍሰቶች ሰሜንን የሚያሳዩት ዛሬ ደቡብ በምንለው በኩል ነው፤ የመካከሎቹ እንደ ዛሬው ናቸው፤ የላይኞቹ እንደገና ተገልብጠዋል። ሁለት ጊዜ የምድር ማግኔት ተገለባብጧል፤ ድንጋዩም መዝግቦታል። ወገል ጤናን ልብ በሉልኝ፤ ደላንታ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያለፈበት አገር። በጉና ጫፍ ላይ ኮምፓስ ይዛችሁ ብትወጡም ተጠንቀቁ። መብረቅ ደጋግሞ የሚመታው ባለማግኔታይት ድንጋይ የራሱ ማግኔት ይኖረዋል፤ መርፌውንም ያስታል።

አሁን ወደ ቅላቱ እንመለስ። በባዛልት ውስጥ የተቆለፈው ብረት የሚፈታው በውሃና በአየር ነው። ዝናብ ድንጋዩን ለሺህ ዓመታት ሲያበሰብሰው ብረቱ ይወጣል፤ ኦክሲጅን ሲያገኝ ወዲያው ይዝጋል። አየሩ ሞቃትና ውሃው ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ዝገቱ ሄማታይት ይሆናል፤ አፈሩም ይቀላል። ብርድና እርጥበት ከበዛ ግን ጎታይት ይበዛል፤ አፈሩ ወደ ቡናማና ቢጫ ያደላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ መስኮት በኩል የምታዩት የቀለም ለውጥ የብረት ታሪክ ነው። ተዳፋቱ ላይ ቀይ፣ ከፍ ሲል ቡናማ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ዋልካ። ፎገራ ብረት አጥቶ አይደለም። ክረምቱን ውሃ ሲተኛበት አፈሩ ኦክሲጅን ያጣል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ቅላቱን ይጥልና በውሃ ይሟሟል። የፎገራ ሩዝ ገበሬ ሩዙን ሲነቅል ሥሩ ዝገት ለብሶ ያገኘዋል። ሩዝ በግንዱ ውስጥ አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ የሟሟው ብረት ያን አየር ሲያገኝ ሥሩ ላይ ተመልሶ ይዝጋል።

ሸክላ ሠሪዋ እናትም ይህንኑ በእጇ ትሠራዋለች። ቢጫማ ወይም ቡናማ ጭቃ አድቦልቡላ እሳት ውስጥ ስታስገባ ጎታይቱ በ300 ዲግሪ አካባቢ ውሃውን ያጣና ሄማታይት ይሆናል፤ ቢጫው የገባ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ምጣዱና ጀበናው የሚጠቁረው በጭስና በከሰል ስለሚታጠን ነው። ቀዩን አፈር ለቀለም መጠቀምም ጥንታዊ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ያመጡት፣ የፈጩትና የፈገፈጉት ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይና ቢጫ የብረት ድንጋይ ተገኝቷል፤ ክብደቱ ሲደመር 40 ኪሎ ነው። ከድንጋይ ብረት ለማውጣት ገና 37,000 ዓመት ያህል ሲቀር የሰው ልጅ የብረት ማዕድን ይሰበስብ ነበር።

ገበሬዎች በመካከላችን ስላላችሁ አንድ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ላንሣ። በፋርጣና በአካባቢው ባሉ ቀይ መሬቶች ማዳበሪያ አስገብተው ገብሱ ወይም ድንቹ የማያድግላቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የምናወራው ማዕድን ነው። ዝናቡ የአፈሩን ካልሲየም አጥቦ ሲወስደው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶቹ ገጽ ደግሞ ፎስፈረስን ይስባል። በዳፕ ወይም በኤንፒኤስ ያስገባችሁት ፎስፈረስ ከሥሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቀይዋ ቅንጣት ትይዘዋለች። ጨምሩ ቢሏችሁ ጨምራችሁ ምንም አይመጣም፤ ማዳበሪያው ከአፈሩ ውስጥ አለ፤ ተክሉ ግን አያገኘውም። መፍትሔው አፈሩን ማከም ነው። ኖራ አሲዱን ሲቀንሰው ብረቱ ከያዘው የተወሰነውን ይለቃል፤ አዲስ የሚይዘውም ይቀንሳል። ፍግና ብስባሽም ይረዳሉ፤ ከመበስበሱ የሚወጡት አሲዶች በብረቱ ገጽ ላይ ቀድመው ተቀምጠው ለፎስፈረሱ ቦታ ያሳጡታል። ችግሩ የኖራ ድንጋይ ርቆ መገኘቱ ነው። የእኛ ተራራ ባዛልት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ያለው ደጀንን በመሰሉ በዓባይ በረሃ አፋፎች ነው። አንድ ሄክታር ለማከም የሚያስፈልገው በኩንታል የሚቆጠር ኖራ ከዚያ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት አፈሩ ይመርመር። ይህን በጥብቅ የምናገረው ያለ ምርመራ ኖራ መበተን የድሃ ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ነው።

ስለ ጤፍም እግረ መንገዴን ልበል። ጤፍ ብረት ይበዛበታል ሲባል ሰምታችኋል። በከፊል እውነት ነው። ጤፍ ግን በአውድማ ላይ በከብት ይወቃል፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አፈር ይዞ ይወጣል። ተመራማሪዎች ጤፉን አጥበው ሲመረምሩት የብረቱ መጠን በጣም ወርዶ አገኙት። የጎደለው ከመሬቱ የመጣው ነው፤ ማለትም በአብዛኛው ሄማታይትና ጎታይት። እነዚህ በሆዳችን ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፤ ሰውነት የሚያገኘው ብረት ጥቂት ነው። እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ የብረት ኪኒን ሲሰጧት «እንጀራ እየበላሁ ምን ያደርግልኛል?» ብላ እንዳትተወው ይህን ንገሩልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወደ እሳቱ ልግባ። ሄማታይት ብረቱን የሚለቀው ኦክሲጅኑን የሚወስድለት ሲያገኝ ነው። የሚወስደው ደግሞ ከሰል ነው። ከሰል አየር በሚያንስበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ኦክሲጅኑን ከብረቱ ላይ ነጥቆ ይሄዳል። የቀደሙት ብረት አውጪዎች ይህን ስም አያውቁትም፤ ሥራውን ግን አሳምረው ያውቁታል። ከጭቃ የተሠራ እቶን ውስጥ ከሰሉንና ድንጋዩን እያነባበሩ ያስገባሉ። ከታች በሸክላ ቧንቧ ወናፍ ይገጠማል። ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎች በተራ ይነፋሉ፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይስባል፤ ነፋሱ እንዳይቋረጥ። ነፋሱ ከቆመ እሳቱ ይወድቃል፤ ሥራውም ሁሉ ይበላሻል።

እሳቱ ወደ 1,200 ዲግሪ ሲደርስ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ ይቀልጥና ወደ ታች ይፈስሳል። ይህ የብረት አር ነው። ብረቱ ራሱ ግን አይቀልጥም። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው፤ በእጅ ወናፍ እዚያ መድረስ ከባድ ነው። ብረቱ እንደ ረጋ ጓል፣ ቀዳዳ የበዛበትና አር የተሰገሰገበት ሆኖ እቶኑ ውስጥ ይቀራል። ጓሉ በጉጠት ተይዞ፣ መስፍ ላይ ተቀምጦ፣ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ አሩ እየተፈናጠረ ይወጣል። የሚቀረው ለማረሻ፣ ለማጭድ፣ ለመጥረቢያ ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ብረት ከአሩ ጋር ይቀራል፤ ለዚህ ነው ከዚህ ሥራ የሚወጣ አር አንዳንዱ ዛሬም በማግኔት የሚሳበው። በደቡብ ኦሞ ያሉት ዲሜዎች እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ እንዲህ ከድንጋይ ብረት ሲያወጡ ታይተዋል፤ ተመዝግበዋልም።

ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ሥራው ሌላ ክብደት ይጨመርበታል። ከተማችን 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው። አንድ ወናፍ አንዴ ተነፍቶ የሚያስገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ፣ ምጽዋ ላይ፣ ከሚያስገባው በሩብ ያህል ያንሳል። እቶኑን እኩል ለማጋል ሰዎቹ ይበልጥ ፈጥነው ወይም በርከት ብለው መንፋት አለባቸው። በየመጽሐፉ የማይጻፈው ይህ የደጋ ሠራተኛ ድካም ነው።

ይህን ይዘን ጋፋት እንውጣ። ከዚህ ከተማ ቅርብ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሄዳችሁ አይታችኋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የተማሩ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ሙያ ሠራተኞችን እዚያ አሰፈሯቸው። ቴዎፍል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው፤ መድፍ በማቅለጡ ሥራ ደግሞ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሆል ስሙ ይነሣል። ሰዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ለመስጠት የመጡ ነበሩ፤ መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ ይህንንም ለንጉሠ ነገሥቱ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አንለቅም አሉ። ሞክሩ አሉ። ተሞከረ፤ ሳይሆን ቀረ፤ እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻ ሆነ። ዋልድማየር ይህን በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተርኮታል። ኋላ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። ጋፋት ላይ በግድ የተማረው የማደራጀት ሥራ እዚያ እንደረዳው እኔ አልጠራጠርም።

ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. አካባቢ ተሠራ። ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። ስሙን ያገኘው ከአሥር ዓመት ያህል በፊት በክሪሚያ ጦርነት ለረጅም ጊዜ ከተከበበችው፣ ያን ጊዜ የሩሲያ ከነበረችው ከተማ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ሴባስቶፖል ብረት አይደለም፤ የመዳብ ቅይጥ ነው። ዙሪያው ሁሉ የቀላ ብረት እያለ፣ መዳብ በሌለበት የባዛልት አገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ መዳብ ከየአቅጣጫው አሰብስበው ለምን አቀለጡ? መልሱ ከላይ የነገርኳችሁ ቁጥር ውስጥ አለ። የመዳብ ቅይጥ በ1,000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እንደ ውሃ ሆኖ ወደ ቅርጹ ይፈስሳል። ብረት ቀልጦ እንዲፈስ ወይ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ማጋል ያስፈልጋል፣ ወይም ብዙ ካርቦን አጠጥቶ የመቅለጫውን ሙቀት ወደ 1,150 ማውረድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር፤ አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ረጅም እቶን ሠርተው፣ ወናፉን በውሃ ኃይል አስነፍተው ደረሱበት። ጋፋት ላይ የነበረው ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእጃቸው በሚገባው እሳት የሚፈስሰውን ማዕድን መረጡ፤ በጊዜው ሊመረጥ የሚችል ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያው ዘመን በየገጠሩ ብረትን ከእሳት ጋር የሚያነጋግሩ ባለእጆች ነበሩ። የእሳቱን ቀለም አይተው ሙቀቱን ያውቃሉ፤ የትኛው ጭቃ እሳት እንደሚችል፣ የትኛው ከሰል እንደሚበረታ ያውቃሉ። በጎንደር አካባቢ ከእነዚህ ባለእጆች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ ይወስዳል፤ ወታደሩ ጦሩን ከእነርሱ ይወስዳል፤ ማታ ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይሸሽጋል፤ አብሯቸው አይበላም፤ መሬት ርስት አድርጎ አይሰጣቸውም። እንዲህ በሚኖር ሰው ዘንድ ሙያ ምስጢር ይሆናል፤ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይሄዳል፤ አይጻፍም፤ ከሌላ ሙያ ጋር አይጋባም። ጋፋት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ወጣቶች ሙያ እንዲማሩ ያደረጉት ጥረት ይህን አጥር ለመስበር የተጀመረ ነገር ነበር። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጁ። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ይነግረናል። እውነቱን እንነጋገር፤ ስድቡ ዛሬም በአንዳንድ ቤት አልጠፋም። የሚቻላችሁ ሁሉ ልጆቻችሁ ፊት ቀጥቃጩን በስሙና በሙያው አክብራችሁ ጥሩት። ቤተ እስራኤላውያኑ ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከእነርሱ ጋር ምን ያህል ያልተጻፈ ዕውቀት እንደሄደ ማሰብ ያሳምመኛል።

የጋፋት መድፍ ዕጣ ይታወቃል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወጡ። ሰው ሴባስቶፖልን በጋሪ እየጎተተ፣ መንገድ እየቆረጠ፣ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ፣ ያንኑ የ30 ሚሊዮን ዓመት ባዛልት እየወረደና እየወጣ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ ከስድስት ወር ያህል በኋላ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ዛሬ ቀጥቃጩ ድንጋይ አያቀልጥም። ብረቱን የሚያገኘው ከቁራሌው ነው። ከሁሉም የሚወደደው የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ አረብ ብረት ስለሆነ፣ ሲግል ይታዘዛል፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ የስለት ዕቃ ሲሆን ቶሎ አይደንዝም። ፌሮ ለስላሳ ነው፤ ለምስማርና ለመቆንጠጫ ይሆናል። በአገር ደረጃም የብረት ፋብሪካዎቻችን በአብዛኛው አሮጌ ብረት ያቀልጣሉ፤ ወይም ከውጭ የገባ ብረት ይስባሉ። በወለጋ ቢቂላል ላይ ማግኔታይት መኖሩ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ማዕድኑ መኖሩና ብረት መሆኑ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መካከላቸው ያለው ከሰል ወይም ጋዝ፣ መብራት፣ መንገድና የሠለጠነ ሰው ነው። በደቡብ ጎንደር ተራሮች ትልቅ የብረት ማዕድን አለ ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ቀይ አፈር መሆኑ ብቻ ማዕድን አያደርገውም፤ ብረቱ ስስ ሆኖ የተበተነ ነው። ከባዛልቱ በላይ የረጋ፣ የተጠራቀመ፣ ክብደት ያለው የብረት ድንጋይ ካጋጠማችሁ ያን ሲኒው ላይ ሞክሩት።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ግን ስለ ብረት አር ነው። ገበሬዎች በእርሻ፣ ልጆች በጨዋታ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ጥቁር፣ ከባድ፣ ላዩ እንደ ፈሰሰ ሰም የተሸበሸበ፣ ሲሰበር ውስጡ አረፋ የሚመስል ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ታገኙ ይሆናል። ባዛልትም ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ እንዳትሳሳቱ ሦስት ነገር እዩ፦ የፈሰሰ መልኩን፣ አብሮት የሚገኝ ቀይ የተቃጠለ ጭቃ ወይም የሸክላ ቧንቧ ስባሪ፣ በውስጡ የተጣበቀ የከሰል ቅንጣት። ሦስቱ አብረው ከተገኙ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው ብረት ሠርቷል። ከሰሉ ብቻውን ዕድሜውን ለማወቅ ይበቃል፤ በሬዲዮካርቦን ምርመራ የእቶኑ ዘመን ይታወቃል፤ የተቃጠለውም ጭቃ ማግኔታይቱን ይዞ የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይነግረናል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ከቦታው ካልተነቀነቀ ብቻ ነው። ስለዚህ አታንሱት፤ አትጠቡት፤ ቁራሌው እንዳይወስደው ንገሩት። ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አሳውቁ። በየቤታችሁ ያላችሁ አዛውንት ደግሞ አባቶቻችሁ ብረት ከየት ገደል እንደሚያመጡ፣ የትኛው ቀበሌ ላይ ወናፍ ይነፋ እንደነበር የሰማችሁትን ለልጆቻችሁ አስጽፉ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ ድንጋይም ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ።